አስቀድሞ የሚያስተምር ቃል፤ በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የአንድ የሙያ ቃል ብቃት ዘወትር የሚመዘነው «አገርኛ ነውን?» እና «ለአፍ ይቀናልን?» በሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ለትምህርት በሚቀርብ ቃል ላይ ግን ሦስተኛ ጥያቄ መቅደም ይኖርበታል እንላለን፤ ይኸውም «ቃሉ ገና ሳይብራራ በተማሪው አእምሮ ምን ሐሳብ ያሳድራል?» የሚለው ነው።

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የአማርኛው ስያሜ ትርፍ ነገር የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ የእንግሊዝኛውን ቃል ለፈተና ይሸመድደዋል፤ አፉን በአማርኛ የፈታ ከሆነ ነገሩን የሚያስበው፣ ከጓደኛው ጋር የሚከራከርበትም በአማርኛው ቃል ነው። ስለዚህ የአማርኛው ቃል ካሳሳተ፣ የእንግሊዝኛው ብያኔ በትክክል ቢጠናም ስሕተቱ ከሥር ይቀራል።

መልካም ምሳሌ ከሆኑት እንጀምር። «ብርሃን አስተፃምሮ» ለጀማሪ ጆሮ እንግዳ ነው። ሆኖም ከ«መጣመር» ጋር የተዛመደ በመሆኑ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብርሃን ኃይል ተጣምረው ስኳር መሆናቸውን በትክክል ይጠቁማል። «ሐብለ በራሂ» የሚለው የክሮሞሶም ስያሜም እንዲሁ ነው። በራሂዎች በገመድ መልክ ተከታትለው መደርደራቸውን ያሳያል። እነዚህ ቃላት ጥረት ይጠይቃሉ እንጂ አያሳስቱም። የሚያሳስቱት ለማዳ የሆኑት ቃላት ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱን እንመርምር።

፩. «መተንፈስ»። ይህ ቃል አየርን ወደ ሳንባ ማስገባትንና ማስወጣትን ያመለክታል። በትምህርት ቤት ግን በሕዋስ ውስጥ ስኳር ተፈትቶ ኃይል የሚወጣበትን ሂደትም በዚሁ ቃል መጥራት ተለምዷል። ውጤቱ ግልጽ ነው። ተማሪው ተክል ሳንባ ስለሌለው አይተነፍስም ይላል፤ ወይም «ተክል ቀን ምግብ ይሠራል፣ ሌሊት ይተነፍሳል» ብሎ ሁለቱን ሂደቶች ተረኛ ያደርጋቸዋል። እውነቱ ግን የተክል ሕዋስ ቀንም ሌሊትም ስኳር እየፈታ ኃይል ማውጣቱ ነው። ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ወደ ጠጅ ስንመጣ ነው። እርሾው ያለ ኦክስጅን ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ይህን «ያለ አየር መተንፈስ» ማለት «ያለ እግር መራመድ» እንደማለት ነው። «የሕዋስ ኃይል አወጣጥ» ቢባል በኦክስጅንም ያለ ኦክስጅንም የሚካሄደውን ሂደት ያለ ቅራኔ ያቅፋል፤ «መተንፈስ»ም ለሳንባ ይቀራል።

፪. «ዘር» እና «ዝርያ»። «ዘር» በአማርኛ የሚዘራ ፍሬ ነው፤ ትውልድ ነው፤ ነገድም ነው። በራሂን «ዘር» ወይም ከ«ዘር» በተመሠረተ ስም መጥራት፣ ተማሪው ነገድን በሕዋስ ውስጥ የተጻፈ ነገር አድርጎ እንዲገምት ይጋብዘዋል። የሳይንሱ ማስረጃ ወደዚያ አያመራም። ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በሰዎች መካከል ካለው የበራሂ ልዩነት 85 በመቶ ገደማው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል የሚገኝ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ «በራሂ» የሚለው ቃል ከማንኛውም የ«ዘር» ውላጅ ይመረጣል።

«ዝርያ» ደግሞ ሁለት ደረጃዎችን ያደባልቃል። ጤፍ ራሱ ዝርያ ይባላል፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው «ቁንጮ»ም የጤፍ ዝርያ ይባላል። የመጀመሪያው እርስ በርሱ ተዳቅሎ የሚራባ ወገን ነው፤ ሁለተኛው በዚያው ወገን ውስጥ ያለ ዓይነት ነው። ልዩነቱን ሕዝባችን በበቅሎ አማካይነት ቀድሞ ያውቀዋል። በቅሎ አባቱን ቢጠይቁት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ይባላል። ተረቱ ለሽሙጥ የተነገረ ቢሆንም ዝምድናውን አልሳተም፤ እናቱ ባዝራ ናትና ፈረስ በእርግጥ አጎቱ ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም ሲኖራቸው በቅሎ 63 ይኖረዋል፤ እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀርም አይወልድም። ፈረስና አህያ ሁለት ዝርያዎች ናቸው የሚያሰኘን አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለሆነም «ዝርያ» ለዚህ ደረጃ ብቻ ይጠበቅ፤ ቁንጮን ግን ገበሬው ነጭና ሰርገኛ ጤፍን እንደሚለይ «የጤፍ ዓይነት» ማለት ይበቃል።

፫. «መላመድ»። ከሦስቱ ይበልጥ የሚያሳስበን ይህ ነው። «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» የሚለው ሐረግ ቢያንስ አይሶናይዚድና ሪፋምፒሲን የማይገድሉትን የቲቢ ዓይነት ለመጥራት በሰፊው ይሠራበታል። «መላመድ» በአማርኛ የአንድ ፍጡር ተግባር ነው። በሬ ከቀንበር ጋር ይላመዳል፤ ሕፃን ከሞግዚቱ ጋር ይላመዳል። በፊትም በኋላም ያው አንዱ በሬ ነው፤ የተለወጠው ጠባዩ ነው።

ባክቴሪያ ግን እንደ በሬው አይደለም። ጆሹዋ እና አስቴር ሌደርበርግ በ1952 እ.ኤ.አ. ይህን በቀላል መሣሪያ አሳዩ። በሳሕን ላይ የበቀሉ ባክቴሪያዎችን በከፋይ ጨርቅ አንሥተው፣ ስትሬፕቶማይሲን ባለበት ሌላ ሳሕን ላይ አሳረፉ። በመድኃኒቱ ውስጥ የበቀሉት ጥቂቶቹ በመጀመሪያው ሳሕን ላይ የነበራቸውን ቦታ ተከትለው መድኃኒት ፈጽሞ ያልነካቸውን ወንድሞቻቸውን ለዩ፤ እነዚያም መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ መድኃኒቱ ማንንም አላለመደም። ቀድሞውኑ በድንገተኛ የበራሂ ለውጥ የተለዩትን አስቀርቶ ሌሎቹን ገደለ፤ የቀሩትም ተራቡ። ይህ የተፈጥሮ ምርጫ ነው።

የቃሉ ጉዳት ግን ከክፍል ውጭም ይዘልቃል። «ተላመደ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው የበሽተኛው ሰውነት መድኃኒቱን እንደ ለመደ አድርጎ ነው። ነገሩ የሰውነት ልማድ ከሆነ ደግሞ ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ አይችልም። እውነቱ ግን ተቋቋሚው ባክቴሪያ አንዲት ክኒን ቀምሶ ወደማያውቅ ሰው በአየር መተላለፉ ነው። ቃሉ ይህን አደጋ ይሸፍናል።

«ዝግመተ ለውጥ» የሚለውም ስያሜ ችግሩን ያባብሳል። የሚናገረው ስለ ፍጥነት ነው እንጂ በትውልዶች መካከል ስለሚካሄደው ምርጫ አይደለም። ፍጥነቱም ቢሆን ሁልጊዜ ዝግ አይደለም። በአገራችን የፋልሲፓረም ወባ ክሎሮኪንን በመቋቋሙ መድኃኒቱ በ1998 እ.ኤ.አ. በፋንሲዳር ተተካ፤ ፋንሲዳርም በተራው በ2004 እ.ኤ.አ. ቦታውን ለኮአርተም ለቀቀ። ስድስት ዓመት ዝግመት አይባልም። ቃሉ ሥር ስለ ሰደደ ይነቀል አንልም፤ ነገር ግን መምህሩ ከወባው ምሳሌ ጋር እንጂ ብቻውን አያቅርበው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ «ሕዝብ የለመደውን ቃል በመጽሔት መለወጥ አይቻልም» የሚል። እኛም አዲስ ቃል አልፈጠርንም። «መቋቋም» በአማርኛ ያለ፣ አልፎ አልፎም ለዚሁ ጉዳይ የሚሠራበት ቃል ነው። የምንጠይቀው በእጅ ካሉት ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ቆላ የኖረ ሰው ደጋ ሲወጣ ቀይ የደም ሕዋሶቹ የሚበዙበት ሁኔታ «መላመድ» ይባል፤ በብዙ ትውልድ ምርጫ የተገኘው የጭላዳ ለደጋ መመቸት «ተስማሚነት» ይባል፤ መድኃኒት የማይገድለው ባክቴሪያ ጠባይ «ተቋቋሚነት» ይባል። ሦስቱ ጽንሰ ሐሳቦች በሦስት ቃላት ከተለዩ፣ ተማሪው በፈተና ላይ ከሚያገኘው ነጥብ ባሻገር፣ ቤተሰቡ ውስጥ ቲቢ ሲገባ ማን ከማን መጠንቀቅ እንዳለበት ያውቃል። መምህራን እነዚህን ስያሜዎች በክፍል ውስጥ ፈትነው የተማሪዎቻቸውን አረዳድ ቢያካፍሉን፣ የምናቀርበው ሐሳብ በግምት ሳይሆን በልምድ ላይ የቆመ ይሆናል።