ተናገሩ እንጂ አታጋቡ፦ ቤተ እስራኤል፣ ራባኑትና የእስራኤል የጋብቻ ሕግ

እ.ኤ.አ. በ1985 መጸው፣ የሱዳንን በረሃ አቋርጠው በዘመቻ ሙሴ በአውሮፕላን እስራኤል ከገቡ ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ቤተ እስራኤላውያን፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የዋና ራባኑት፣ የአገሪቱ ረቢዎች የበላይ ተቋም፣ ሕንጻ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ለአንድ ወር ያህል አልተነሡም። ጥያቄያቸው የሥራ ወይም የቤት አልነበረም። ለማግባት በመጡ ቁጥር ሚቅዌ በሚባለው የመንጻት ውሃ ውስጥ ገብታችሁ ውጡ፣ ያኔ አይሁድነታችሁ ይረጋገጣል መባላቸው ነው ያስቆጣቸው። ቀደም ሲል ወንዶቹ የተገረዙ ሆነው ሳለ ለምልክት ያህል ጠብታ ደም እንዲያፈስሱ ይጠየቁ ነበር፤ ይህኛው ከተቃውሞ በኋላ ተነሥቶ የውሃው ግን እንዳለ ቀጠለ። ጋዜጦች ጻፉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺሞን ፔሬስ ጣልቃ ገቡና ነገሩ በስምምነት ተቋጨ ተባለ። ስለ ሃይማኖት፣ ስለ መናገር ነጻነትና ስለ ጋብቻ መብት ሊያስብ የሚፈልግ ሰው ከዚያ አደባባይ የተሻለ መነሻ የሚያገኝ አይመስለኝም። መናገሩን የከለከላቸው አልነበረም። ለማግባት ግን የተናገሩበት ተቋም ራሱ መፍቀድ ነበረበት።

የዚህ ነገር ሥር አንድ ዓመት ላይ ይገኛል፤ 1953። በዚያ ዓመት የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዳኛ ሺሞን አግራናት ብዕር፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የኮሚኒስቶቹን ጋዜጣ ኮል ሃዓምን ማገዱ ስሕተት ነው ሲል ፈረደ። ለሕዝብ ሰላም አደጋ መድረሱ እርግጠኛ ለመሆን የተቃረበ ካልሆነ በቀር መንግሥት አፍ ሊዘጋ አይችልም የሚለው መለኪያ የተተከለው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ፓርላማ ክነሴት የረቢዎች ፍርድ ቤቶችን የዳኝነት ሥልጣን የሚወስን ሕግ አወጣ፤ በአገሩ የሚኖሩ አይሁዶች ጋብቻና ፍቺ በእነዚህ ፍርድ ቤቶች ብቻ እንዲዳኝ፣ ሥርዓቱም በኦሪት ሕግ እንዲሆን ደነገገ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንደበት ተፈታ፣ ትዳር ታሰረ። የሕግ ተማሪዎች ሁለቱን በተለያየ ኮርስ ስለሚማሯቸው ይመስለኛል ጎን ለጎን የሚያስቀምጣቸው ብዙ ሰው የለም።

ክነሴት ይህን ከባዶ አልፈጠረውም። በኦቶማን ቱርክ መንግሥት እያንዳንዱ የሃይማኖት ወገን በራሱ ሹማምንት ይዳኝ ነበር፤ እንግሊዝ በ1922 ባወጣችው ድንጋጌ ያንኑ አጸናችው፤ በ1947 ደግሞ የአይሁድ ኤጀንሲ መሪዎች፣ ቤን ጉርዮንን ጨምሮ፣ ለሃይማኖተኛው ለአጉዳት እስራኤል ፓርቲ በጻፉት ደብዳቤ የሰንበት፣ የምግብ፣ የትምህርትና የጋብቻ ነገር በነበረበት እንደሚቀጥል ቃል ገቡ። አብዛኛው መሥራች ትውልድ ምኩራብ የማይረግጥ ሶሻሊስት እንደነበር ልብ ይሏል። እስላሙ በቃዲ፣ ክርስቲያኑ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ ድሩዙ በራሱ ፍርድ ቤት፣ አይሁዱም በረቢ ይጋባል። በመንግሥት ሹም ፊት የሚፈጸም ጋብቻ የለም። ያልተስማማው ቆጵሮስ ሄዶ ያገባል፤ ከ1963 ጀምሮ ባለው የፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ያንን ወረቀት አይቶ ይመዘግብለታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሕግ የሃይማኖት ወገን የሌላቸው ሰዎች የጥንድ ውል እንዲመዘግቡ ፈቅዷል፤ ግን ሁለቱም ሃይማኖት የለሽ ተብለው የተመዘገቡ መሆን አለባቸው። ከሶቭየት ኅብረት የመጣች በአባቷ ብቻ አይሁድ የሆነችና ራባኑት አይሁድ የማይላት ሴት አይሁድ ብታፈቅር ሕጉ አይረዳትም።

አሁን ወደ ሚቅዌው ልመለስ፤ የነገሩ ጭብጥ ያለው እዚያ ነውና። ራባኑት ቤተ እስራኤልን ተጠራጠረ ሲባል ብዙ ጊዜ ዘረኝነት ነው ተብሎ ይዘጋል። ዘረኝነት አልነበረም ለማለት አልደፍርም። ጥርጣሬው ግን የራሱ አመክንዮ ነበረው፤ አመክንዮውን ሳይከተሉ የደረሰውን ጉዳት መረዳት አይቻልም። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፤ ታልሙድ፣ የረቢዎቹ የሕግ ትርጓሜ፣ አልደረሳቸውም። ጋብቻን የሃይማኖት መሪያቸው ቄስ ያስራል፤ ሲፈርስም ቄስና ሽማግሌ ተቀምጠው ይፈቱታል። ረቢዎች ጌት የሚሉት፣ ባል ለሚስቱ በእጇ የሚሰጠው የፍቺ ደብዳቤ በእነርሱ ዘንድ በዚያ ሥርዓት አይታወቅም። በሃላኻ፣ በአይሁድ የሃይማኖት ሕግ፣ ደግሞ ያለ ጌት የተፈታች ሴት ገና የመጀመሪያው ባሏ ሚስት ናት፤ ሌላ አግብታ ብትወልድ ልጁ ማምዜር ይባላል፤ ማምዜር ከተራው አይሁድ ጋር አይጋባም፤ የልጅ ልጁም እንደዚያው። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ከአባት ከእናታቸው ጀምሮ አይሁድ ናቸው ቢባል፣ በስንት ትውልድ የተፈጸመ ፍቺ ሁሉ ጥያቄ ሊነሣበት ነው። ዛሬ በውሃ ገብተው አይሁድ ሆኑ ቢባል ግን ያለፈው ሁሉ የአሕዛብ ታሪክ ይሆንና ጥርጣሬው ይወድቃል። ስለዚህ ሚቅዌው ለረቢዎቹ ሸክም ማቅለያ ነበር፤ ለአንድ የጎንደር ሽማግሌ ደግሞ ስለ ሃይማኖቱ የተሰደደበትንና የተገለለበትን ዘመን ሁሉ እንዳልነበረ መፋቅ።

ሌላም መውጫ ነበር፤ ለዘብተኞቹ ረቢዎች ወደዚህ ያዘነብላሉ። ቄስ ያሰረው ጋብቻ በሃላኻ መንገድ ስላልታሰረ ለመፍታቱም ጌት አያስፈልግም፤ ጌት ካላስፈለገ ማምዜርም የለም። ይህ በእርግጥ ውሃ ሳያስገባ ያሳልፋል። ግን ልብ ብለን ብናየው በሁለቱም በር የሚያልፈው ሰው ቄሱን ረግጦ ነው የሚያልፈው። በአንዱ በር የቄሱ ፍቺ ከንቱ ነው፤ በሌላው ደግሞ ጋብቻው ራሱ ከንቱ ነው። ሕዝቡን የተቀበሉት ተቋሙን ሽረው ነው። ስለ 1985ቱ ተቃውሞ ሲጻፍ ይህ ዋና ነገር ተዘንግቶ፣ ውሃው መቅረቱ ብቻ እንደ ድል ይቆጠራል።

በእርግጥ ድል ነበረ። ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቀድመው በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የመጡ አይሁድ ናቸው ብለው ጽፈዋል፤ በ1975 መንግሥት ለአይሁድ ዜግነት የሚሰጠው የመመለስ ሕግ ይመለከታቸዋል አለ። ይሁንና በ1985 በሥልጣን ላይ የነበሩት ሁለቱ ዋና ረቢዎች፣ አቭራሃም ሻፒራና መርደኻይ ኤሊያሁ፣ ውሃው ይቅር አላሉም። ክርክሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዶ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የናታንያ ከተማ ረቢ ዳዊት ሸሉሽ ያለ ሚቅዌ ለመመዝገብ ፈቃደኛ ስለነበሩ የኢትዮጵያውያኑ ጋብቻ ወደ እርሳቸው እንዲላክ መፍትሔ ተገኘ። ሌላው የአገሩ ሰው በሰፈሩ ረቢ ሲመዘገብ፣ ከቤርሼባ ወይም ከሐይፋ የመጣ የቤተ እስራኤል ሙሽራ ናታንያ መሄድ ነበረበት። መብቱ ተሰጠ፤ አድራሻው ግን አንድ ሆነ።

እዚህ ላይ ወደ መጡበት አገር ሕግ ዞር ማለት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥቷ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ብላ የደነገገች ናት። ንጉሠ ነገሥቱ ከሌላ ሃይማኖት ሊሆኑ አይችሉም ነበር። ይህችው አገር በ1952 ዓ.ም. ባወጣችው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ጋብቻን በሦስት መንገድ ተቀበለች፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በተጋቢዎቹ ሃይማኖት፣ ወይም በአካባቢው ልማድ። የተጋቢዎቹ ሃይማኖት የትኛው ይሁን አላለችም። በጽሑፉ ላይ እንግዲህ አንድ የወገራ የቤተ እስራኤል ቄስ ነጩንና ቀዩን ክር በሙሽራው ግንባር አስሮ ያጋባው ጥንድ፣ በመንበረ ጵጵስና ከቆረበው ጥንድ እኩል ባልና ሚስት ነው። ሕግ አውጪው ይህን ያደረገው ለቤተ እስራኤል አስቦ አይደለም፤ አገሩን ስለሚያውቅ ነው። ክርስቲያኑ ራሱ በቁርባን የሚያገባው ጥቂት ነበር፤ ቁርባን አይፈርስምና ካህኑና ዕድሜው የገፋ ሰው ይይዘዋል፤ ሌላው በሰማኒያ ይጋባል፣ በሽማግሌ ይፋታል፣ እንደገናም ያገባል። ቤተ ክርስቲያን በኃይሏ ዘመን እንኳ የሕዝቡን ትዳር በእጇ ጠቅልላ አልያዘችም። ፍቺውም የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ጉዳይ ነበር፤ ሚስትም እንደ ባሏ ፍቺ ልትጠይቅ ትችል ነበር።

ይህን ስል የድሮውን ዘመን ለማሞካሸት አይደለም። ያው ቤተ እስራኤላዊ ለዘመናት ርስት ተከልክሎ በጭሰኝነትና በእጅ ሥራ ኖሯል፤ ቡዳ ተብሎ ተፈርቷል፤ እንኳን ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ለወር ሊቀመጥ፣ ለአውራጃ ገዢው እንኳ አቤት ለማለት አማላጅ ያስፈልገው ነበር። የማግባት መብት ነበረው፤ የመናገር መብት ግን አልነበረውም። ባሕሩን ሲሻገር ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡበት። አንድን መንግሥት ሴኩላር ነው ወይስ አይደለም ብለን ስንመዝን በሕገ መንግሥቱ ላይ የመንግሥት ሃይማኖት መኖር አለመኖሩን ብቻ ማየት የማይበቃው ለዚህ ነው። ጋብቻውን ማን ይጽፋል፣ ማን ያፈርሳል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መናገርና ማግባት ደግሞ እስከ መጨረሻው ተለያይተው የሚኖሩ ነገሮች አይደሉም። በሃላኻ ጋብቻ ማለት ሙሽራው በሁለት ምስክሮች ፊት ቀለበት እያጠለቀ የሚላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ክነሴት እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ በጎ ነገር አደረገ፤ ጥንዶች ከሚኖሩበት ውጭ ባለ የፈለጉት መዝገብ ቤት እንዲመዘገቡ ፈቀደ። በዚያው ማሻሻያ ግን ከራባኑት ውጭ አጋብቶ ያላስመዘገበ እስከ ሁለት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። በሐምሌ 2018 ፖሊስ ሐይፋ ውስጥ ከራባኑት ውጭ ከሆነው የኮንሰርቫቲቭ ወገን አንድ ረቢ በማለዳ ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ወሰደ፤ ጥፋቱ ማጋባቱ ነው። መንግሥትን በአደባባይ መስደብ የሚፈቅደው አገር፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ያለ ፈቃድ ያስባለውን ሰው ይዞ ይጠይቃል። ንግግር ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ ነጻ ነው፤ ሲያፈራ ፈቃድ ይጠየቅበታል።

ለራባኑት የሚቀርበውን ምክንያት አቃልሎ ማለፍ ግን ፍትሐዊ አይደለም። አንድ የጋብቻ ሥርዓት ባይኖር፣ ይላሉ፣ በሁለት ትውልድ ውስጥ ሕዝቡ እርስ በርሱ መጋባት የማይችል ሁለት ወገን ይሆናል፤ ሃይማኖተኛው የዓለማዊውን ልጅ ባየ ቁጥር ማምዜር ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ክርክሩ ከልብ ነው፤ የተበተነ ሕዝብ ፍርሃት አለበት። ቤተ እስራኤል ግን ይህን አንድነት የሚያዩት ከሌላ ማዕዘን ነው። እነርሱ ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ አይጋቡም፤ ሃላኻ ደግሞ አጎት የእኅቱን ልጅ እንዲያገባ ይፈቅዳል። ንጽሕናችሁን አስመስክሩ የተባሉት ሰዎች፣ አስመስክሩ ባዮቹ የሚፈቅዱትን ሲሰሙ የሚሰቀጥጣቸው ናቸው።

ዛሬ በብዙ ቤት ሁለት ሥርዓት ይደረጋል፤ ቄሱ ይባርካሉ፣ ሰነዱን ግን ረቢ ይጽፋል። ቄሶች በየሃይማኖት ምክር ቤቱ ደመወዝ ያገኛሉ፤ የማጋባትና የማፋታት ሥልጣን የላቸውም። በዚህ የበለጠ የተጎዳችው ሴቷ ሳትሆን አትቀርም። በአገር ቤት ሽማግሌ አስቀምጣ ትፈታ የነበረች እናት ልጅ፣ አሁን ባሏ ጌት ካልሰጣት ታስራ ትቀራለች። የ1995ቱ ሕግ እምቢ ባዩን ባል መንጃ ፈቃዱን ነጥቆ እስከ ማሰር ይደርሳል፤ ቢሆንም የመጨረሻው ቃል አሁንም የባልየው ነው።

በ2023 የከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ እስራኤል ቤታቸው ተቀምጠው በአሜሪካ ዩታ ግዛት ባለሥልጣን ፊት በኮምፒውተር የተጋቡ ጥንዶች እንዲመዘገቡ አዘዘ። ስለዚህ የናታንያ ልጆች ዩታን ሳያዩ በዩታ ሹም ይጋባሉ፤ በዚያው ሰፈር ባሉ ቄስ ግን አይችሉም። ቄሶቹ ይህን መንገድ የእኛ ብለው እንደማይቀበሉት ግልጽ ነው። የ1985ቱ ጥያቄ አይሁድ ነን፣ በአይሁድ ሥርዓት አጋቡን ነበር እንጂ ሥርዓቱ ለሁሉም ይከፈት አልነበረም። የሲቪል ጋብቻ ይፈቀድ እያሉ የሚሟገቱት ዓለማውያን በበኩላቸው የቄስ ሥልጣን ይመለስ ሲሉ አይሰማም። የመጀመሪያዎቹ ቁልፉን ለራሳቸውም ይፈልጋሉ፤ ሁለተኞቹ መቆለፊያው ይነሣ ይላሉ። ራባኑት ሁለቱንም በየተራ ሲያስተናግድ ኖሯል።