የአርባ ምንጭ ደን በሳተላይት ስሌት

የከተማን ልምላሜ በሳተላይት ፎቶግራፍ እየለኩ፥ ዕፀዋቱ ከአየር የሚወስዱትን ካርቦን ማስላት የተለመደ ጥናት ሆኗል። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን፥ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ግን አብዛኛውን ይመልሳል። ከሁለቱ ልዩነት ልምላሜው ይታወቃል። ይህን አንነቅፍም።

የምንነቅፈው ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ካሳ» የተባለው ስሌት (ስሙ ያገራችን ሰው ይመስላል እንጂ አሜሪካዊ ነው) የዕፀዋትን የውሃ ጥም የሚገምተው ከዝናብ ተነሥቶ ነው። ለብዙ አገር ይህ ይስማማ ይሆናል። ከሴቻ ቁልቁለት ሥር በነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ ያለው ደን ግን በበጋም የሚለመልመው፥ ለከተማይቱ ስሟን በሰጧት ምንጮች ነው። ዝናቡ ሲያቋርጥ ስሌቱ ደኑን የተጠማ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ዛፎቹ ግን ከሥር ይጠጣሉ።

የጓሮው ሽፈራው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የጋሞ ሰው ቅጠሉን ቀቅሎ ይበላዋል፤ የተበላው ካርቦንም ብዙ ሳይቆይ ወደ አየር ይመለሳል። ድስቱ ከሰማይ አይታይም። የሴንቲኔል 2 ፎቶግራፍ አንዱ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለ ሆነ፥ ሽፈራውን ከማንጎውና ከቆርቆሮው ጣራ ጋር ይቀላቅለዋል።

ነገሩ የቁጥር ክርክር ብቻ አይደለም። ደኑ ለማገዶ ይቆረጣል፤ የከተማይቱ የመጠጥ ውሃም ከነዚያው ምንጮች ይመጣል። የደኑን ሥራ አሳንሶ የሚያሳይ ጥናት የሚረዳው ቆራጩን ነው።

ስለዚህ ይህን ርእስ ለመመረቂያ የሚይዝ ባልንጀራችን፥ በጥርና በየካቲት ወደ ደኑ ወርዶ የአፈሩን እርጥበት ይለካ፤ በስሌቱ ውስጥ ያለውንም የዝናብ ቁጥር በዚያ ይተካ።