ልጆቹ የት ሄዱ? የጁሊ ምህረቱ ሥዕሎች በእኛ ዓይን

በዚህ እትም የምናነሣት ሠዓሊ ጁሊ ምህረቱ ናት። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ የኮሌጅ መምህር ነበሩ። በ1977 ቤተሰቡ አገሩን ጥሎ ወደ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ሄደ። ስለዚህ ስደትን በወሬ ብቻ የምታውቅ ሰው አይደለችም።

በሥዕል ክፍላችን በ2019 ከሠራቻቸው አንዱን፣ «ሃካ እና ረብሻ» የሚባለውን፣ በወረቀት ታትሞ አየነው። ዋናው ሸራ ከሦስት ሜትር በላይ ቁመት አለው፤ የእኛ ቅጂ ግን ከደብተር አይበልጥም። ምን ይታያችኋል ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ «ጭስ» አለ፣ ሌላዋ «የተቃጠለ ላስቲክ» አለች። ከዚያ መምህሩ ከሥሩ ያለውን ነገሩን፦ በቴክሳስና በካሊፎርኒያ ስደተኛ ሕፃናት የታሰሩባቸው ቦታዎች ፎቶግራፍ ነው። ሠዓሊዋ የጋዜጣ ፎቶ ትወስድና በኮምፒዩተር ታደበዝዘዋለች፤ ከዚያ በላዩ ላይ በቀለም ትሥላለች፣ ትፍቃለች፣ እንደገና ትሥላለች። ክፍሉ ትንሽ ዝም አለ። ከኋላ አንዲት ተማሪ «ታዲያ ልጆቹ የት ሄዱ?» አለች።

በዚህ ጥያቄ ሁለት ቀን ተከራከርን። ግማሾቻችን ሠዓሊዋን ደገፍን። የእኛን ፊት ያላነሳው ካሜራ የለም፤ ዝንብ ያረፈበት ሕፃን በየፖስተሩ ተለጥፏል፤ አንድ ሰው ፎቶውን አይቶ «ይህን ፊት አላሳይም» ቢል አክብሮት እንጂ ሌላ ምን ይባላል? የቀሩት ግን እንዴ፣ አሉ፣ ፊቱን ከሸፈነች በኋላ ማን ያውቀዋል? በ2018 የሠራችው ሌላ ሥዕልም እንዲሁ ነው፤ ከሥሩ የካሊፎርኒያ ሰደድ እሳትና በምያንማር የተቃጠሉ የሮሂንግያ መንደሮች አሉ። ርዕሱ ከኦሪት ዘጸአት የተወሰደ «ሂኔኒ» የሚል የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ «አለሁ» እንደማለት። አለሁ የሚለው ግን አይታይም።

የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ መሸፈኑ ትክክል ነው፣ ሥዕሉም ኃይል አለው፤ ምን እንደሆነ ሳናውቅ እንኳ ደረታችንን ጨብጦናል። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ታሪኩን የሚያውቀው ከጎኑ የተጻፈውን ያነበበ ብቻ ነው። ያላነበበ ሀብታም ከሶፋው በላይ ሰቅሎት በደስታ ይኖራል።

ሀብታም ካልን ገንዘቡንም እናንሣ። በ2023 በኒው ዮርክ ጨረታ አንድ ሥዕሏ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ልብ በሉ፣ በጨረታ ገንዘቡ የሚገባው ለሻጩ ነው። ቀደም ሲልም ለአንድ የኒው ዮርክ ባንክ በ5 ሚሊዮን ዶላር ግዙፍ የግድግዳ ሥዕል ሠርታ ነበር፤ አብዛኛው ለሥራው ወጪና ለረዳቶች ደመወዝ ሄደ። በ2024 ግን ከራሷ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥታ፣ ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በታች የሆኑ ሁሉ የኒው ዮርኩን ዊትኒ ሙዚየም በነጻ እንዲገቡ አደረገች። ይህ ከብዙ ንግግር ይሻላል።

የቅርብ ጊዜ ኤግዚቢሽኖቿ በ2024 ቬኒስና ሲድኒ፣ በ2025 ደግሞ በጀርመን ዱሰልዶርፍ ነበሩ። ለቺካጎው የኦባማ ማዕከልም 25 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የመስታወት ሥራ ሠርታለች። በ2024 ለ ማን ላይ የተወዳደረውን የቢኤምደብሊው መኪና በሥዕል አልብሳለች፤ እውነቱን ለመናገር እሱ ከሚኒባስ ተለጣፊ ብዙም አልራቀብንም። ከመኪናው ጋር የመጣው ግን ደስ ይላል፦ ለአፍሪካ ወጣት የፊልምና የሚዲያ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ወርክሾፕ፤ በ2025 ከሌጎስ ጀምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ ከተሞች የሚዞር። ከተሞች ተባለ እንጂ ካምፕ አልተባለም፤ እሱን ለአዘጋጆቹ በደብዳቤ ልንጠይቅ አስበናል።

ቅጂው በመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ ከምን ፎቶግራፍ እንደተነሣ ጽፈንበታል። ማየት የሚፈልግ ከምሳ በኋላ ይምጣ።