ክፍልፋይም ለካ ቦታ አለው!

ኧረ ይህን ነገር እስከ ዛሬ የት ደብቀውት ነበር? አንድ ቀጭን መስመር ነው። ግራ ጫፉ ላይ 0፣ ቀኝ ጫፉ ላይ 1። በቃ! አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ «3/4 ይበልጣል ወይስ 5/6?» ተብሎ ሲጠየቅ የጋራ ታህት ሳይፈልግ፣ አመሳቅሎ ሳያባዛ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ «5/6 ነዋ! ለአንድ የቀረው ትንሽ ነው» ሲል ሰማሁ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፤ እውነቴን ነው።

ያለውን ልብ በሉልኝ። 3/4 አንድ ለመሙላት ሩብ ይጎድለዋል። 5/6 የሚጎድለው አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። ስድስተኛ ከሩብ ያንሳል፤ ስለዚህ 5/6 ወደ 1 ይበልጥ ተጠግቷል። ልጁ ቀመር አልሸመደደም፤ አሰበ!

ክፍልፋይ ልጆችን የሚያስጨንቀው ሁለት ቁጥር ሆኖ ስለሚታያቸው ነው። ላይ አንድ፣ ታች አንድ። ታዲያ አራት ከሦስት ስለሚበልጥ ሩብም ከሲሶ ይበልጣል ይላሉ። ምን ትንንሾቹ ብቻ! እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ አገር አቀፍ ምዘና የ13 ዓመት ተማሪዎች 12/13 ሲደመር 7/8 ለየትኛው ቁጥር እንደሚቀርብ ተጠይቀው ነበር፤ ለ1፣ ለ2፣ ለ19 ወይስ ለ21? ትክክለኛውን የመረጡት 24 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 19 ወይም 21 አሉ፤ ላይኛዎቹን ደመሩ ወይም ታችኛዎቹን ደመሩ። መስመሩን በዓይነ ልቡና ያየ ልጅ ግን 12/13 ለ1 ጥቂት ብቻ እንደቀረው፣ 7/8ም እንዲሁ እንደሆነ ወዲያው ያያል። ሁለት «አንድ ሊሆን ምንም ያልቀረው» ሲደመር ሁለት ገደማ ነው! ስሌት የለ፣ ላብ የለ።

አሠራሩ ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም። ከደብተር ወረቀት ጠባብ ቁራጭ ይቀደዳል። መሀሉ ላይ ይታጠፍና ዕጥፋቱ ላይ 1/2 ይጻፋል። እንደገና ታጥፎ ሲዘረጋ ሩቦቹ ብቅ ይላሉ፤ አንዴ ሲደገም ስምንተኛዎቹ። ጉዱ ታዲያ እዚህ ላይ ነው፦ 2/4 እና 4/8 የራሳቸው ዕጥፋት የላቸውም፤ ያው 1/2 ላይ ያርፋሉ! «እኩያ ክፍልፋዮች» የሚለው ምዕራፍ በሙሉ በአንድ ቁራጭ ወረቀት አለቀ።

እኛ ያደግነው «አንድ እንጀራ ከአራት ተቆርሶ ሦስቱ ቢበላ» እየተባልን ነው። ለመጀመሪያው ቀን ደግ ነው፤ ኩርማን የማያውቅ ልጅ የለም። 5/4 ሲመጣ ግን ልጁ ግራ ይጋባል፤ ከአራት ቁራሽ ላይ አምስት እንዴት ይነሣል? መስመሩ ላይ ምን ችግር አለ! መስመሩን አርዝሞ፣ 1ን አልፎ ሌላ ሩብ መራመድ ነው።

እኔን ግን ያሳበደኝ ገመዱ ነው። በክፍሉ ወርድ ገመድ ይወጠራል። 1/6፣ 7/8፣ 3/7፣ 5/4፣ 5/9 የተጻፈባቸው ካርዶች ይታደላሉ፤ ልጆቹ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቅሏቸዋል። ከዚያ ጫጫታው! «ወደ ቀኝ ግፋው!» «3/7 እኮ ከግማሽ በታች ነው፤ 5/9 አልፎታል!» እንዲህ እየተጨቃጨቁ 1/6፣ 3/7፣ 5/9፣ 7/8፣ 5/4 ብለው ደረደሯቸው። ለ3/7 እና ለ5/9 የጋራ ታህት ቢፈልጉ 63 ላይ ይደርሱ ነበር። ግማሽን አይተው ግን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ዋሊስ እ.ኤ.አ. በ1685 ባሳተመው የአልጀብራ መጽሐፉ በመስመር ላይ ወደፊትና ወደኋላ በሚራመድ ሰው ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች አስረድቷል። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2010 ለመምህራን ባወጣው መመሪያ ክፍልፋይን ለማስተማር የቁጥር መስመር ዋነኛ መሣሪያ ይሁን ብሏል። ተመራማሪው ሮበርት ሲግለርና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ልጆች በዐሥር ዓመታቸው ገደማ ያላቸው የክፍልፋይ ዕውቀት በሁለተኛ ደረጃ የሚኖራቸውን የሒሳብ ውጤት አስቀድሞ እንደሚጠቁም በአሜሪካና በብሪታንያ መረጃ አሳይተዋል።

አንድ ነገር ብቻ ጠንቀቅ በሉ። ልጆች በክፍተቶቹ ፈንታ ጭረቶቹን ይቆጥራሉ፤ 0ንም «አንድ» ብለው ይጀምራሉ። ጣታቸው ከጭረት ጭረት እየዘለለ ዝላዩን ይቁጠሩ።

እንግዲህ መምህራን፣ ነገ ገመድ ይዛችሁ ግቡ። ወላጆችም ዛሬ ማታ ወረቀት ቀድዳችሁ 2/3 እና 3/4ን ስጧቸው፤ የትኛው እንደሚበልጥ ሳያባዙ ይንገሯችሁ።