«አሻንጉሊት» ወይስ «አምሳያ»? ስለ ተገጣጣሚ የጦር አውሮፕላኖች ስያሜ የቀረበ ሂስ

በትርፍ ጊዜ ሙያዎች የሚነገሩ ቃላት በመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ዘንድ ብዙ ጊዜ ቸል ይባላሉ። ሙያው እንደ ጨዋታ ከተቆጠረ ቃሉም እንደ ጨዋታ ቃል ይታያልና። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ከእነዚህ ሙያዎች አንዱን፣ ማለትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉትን አውሮፕላኖች በትንሹ ገጣጥሞ የመሥራትን ሙያ ነው። ዓላማችን ለዕቃው በአማርኛ የሚሰጡትን ስያሜዎች መንቀፍ ብቻ ሳይሆን፣ ፍቺው በምን ላይ መቆም እንደሚገባው ማሳየት ነው።

አስቀድመን ዕቃውን እንግለጽ። ፖሊስታይሪን የተባለው ፕላስቲክ ቀልጦ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በግፊት ይገባል፤ ሲበርድም ክንፉ፣ አካሉ፣ ጅራቱና ጎማው በየክፍሉ ሆኖ ይወጣል። ገዢው ክፍሎቹን ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ አጣብቆና ቀለም ቀብቶ አውሮፕላኑን ይሠራል። ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ያወጣው ስፒትፋየር ከዚህ ዓይነቱ ዕቃ እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው።

ሀ. ስለ ስያሜው

ቀድሞ ወደ አፍ የሚመጣው ስያሜ «አሻንጉሊት አውሮፕላን» ነው። ስያሜው ቀላልና ለሁሉም ግልጽ ቢሆንም፣ ፍቺውን የሚያቆመው ዕቃው በሆነው ነገር ላይ ሳይሆን በተጠቃሚው ዕድሜ ላይ ነው። አሻንጉሊት የልጅ መጫወቻ ነው፤ ሁለት ክንፍና አንድ ጅራት ካለው ልጁ አውሮፕላን ይለዋል፤ የየትኛው አውሮፕላን መልክ እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም። የምንመረምረው ዕቃ ግን ይህ ጥያቄ ካልተመለሰለት ዋጋ የለውም።

ለዚህ ታሪክ ምስክር ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የወዳጅንና የጠላትን አውሮፕላኖች መልክ ከእንጨት ቀርጸው እንዲያቀርቡ ጠየቀ። የተጠየቀው ብዛት 500,000፣ መጠኑም ከ72 አንድ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚህ መጠን የተሠራ አውሮፕላን በ10 ሜትር ርቀት ሲታይ፣ እውነተኛው በ720 ሜትር ርቀት ላይ የሚታየውን ያህል ሆኖ ይታያል። ተኳሹ በእርሱ እየተለማመደ የወገኑን ከጠላቱ ይለያል። የክንፉ ጫፍ ክብ መሆን ሲገባው ቢሾል፣ ስሕተቱ የወገን ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለውን ዕቃ «አሻንጉሊት» ብሎ መፍታት ዋናውን ባሕርይ ትቶ መፍታት ነው።

ሁለተኛው ስያሜ «ሞዴል» የሚለው የውሰት ቃል ነው። የቃሉ ጉድለት ባዕድነቱ አይደለም፤ «አውሮፕላን» ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ዛሬ የእኛ ነው። ጉድለቱ ሸክሙ መብዛቱ ነው። «ሞዴል ገበሬ» ስንል አርአያ ማለታችን ነው፤ የመኪና «ሞዴል» ስንል የተሠራበትን ዓመትና ዓይነት እንገልጻለን፤ በንብረት ክፍል «ሞዴል 19» እና «ሞዴል 22» ቅጾች ናቸው። «ስፒትፋየር ሞዴል» የሚለው ሐረግም የአውሮፕላኑን ዓይነት ይሁን ትንሹን ምስል ለአንባቢ አይለይለትም።

ሦስተኛው መንገድ ወደ ግእዝ ሄዶ «ንኡስ አውሮፕላን» ማለት ነው። ይህም ቢሆን አያዋጣም፤ አንድ ሰው ብቻ ጭና የምትበር እውነተኛ አውሮፕላንም ንኡስ ናትና።

እኛ የምንመርጠው «አምሳያ» የሚለውን ነው። ቃሉ «መሰለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ብቻውን አይቆምም፤ «የምን አምሳያ?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ዕቃው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። «አምሳያ የለውም» ሲባል «አቻ» ማለት ነው ተብሎ ይነቀፍ ይሆናል፤ ነገር ግን «ተገጣጣሚ አምሳያ» ስንል ይህ አሻሚነት ይወገዳል።

ለ. ስለ መስፈርቱ

በካርታ ትምህርት የተለመደው «መስፈርት» ለዚህም ሙያ ይበቃል። ሆኖም በአነጋገር ረገድ ሁለት ስሕተቶች መታረም አለባቸው። አንደኛው፣ 1/72 ማለት «72 ጊዜ ያነሰ» ነው ብሎ ማለፍ ነው። ያነሰው በርዝመት ነው። በወለል ስፋት ሲታይ 5,184 ጊዜ፣ በይዘት ሲታይ 373,248 ጊዜ ያነሰ ይሆናል። 11.23 ሜትር የነበረው የስፒትፋየር የክንፍ ርዝመት 15.6 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆኑን መግለጽ ይበልጥ ያስረዳል። ሁለተኛው፣ ቁጥሩን ተከትሎ 1/72 ከ1/32 ይበልጣል ማለት ነው። እንደ ካርታው ሁሉ፣ በስሩ ያለው ቁጥር ሲያንስ መስፈርቱ ይተልቃል።

ሐ. ስለ ሥራው ቃላት

እዚህ ላይ አዲስ ቃል ለመፍጠር መቸኮል አይገባም፤ ብዙው በእጃችን አለና። ጥቃቅኑን ክፍል የሚይዘው ወረንጦ፣ ጠርዙን የሚያስተካክለው ሞረድ፣ የመጋጠሚያውን ክፍተት የሚደፍነው በጋራዥ ቀለም ቀቢዎች ዘንድ የታወቀው ስቱኮ ነው። ክፍሎቹ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጡ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ተያይዘው ነው፤ ይህን የወይን ፍሬ ከነግንዱ በምንጠራበት ቃል «ዘለላ» ብንለው ማንም ሳይተረጎምለት ይረዳዋል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ግን በውሃ ተነክሮ ከወረቀቱ እየተንሸራተተ የሚለጠፈው ስስ ሥዕል ነው። «ጌጥ» ቢባል ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ለምሳሌ በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ የተዋጋውን ፊያት ሲ.አር. 42 እንውሰድ። በክንፉ ላይ የፋሺስት ኢጣሊያ ምልክት ቢለጠፍ የወራሪው አውሮፕላን ይሆናል፤ ሦስት ዘውዶች ቢለጠፉበት በጦርነቱ ገለልተኛ የነበረችው የስዊድን ይሆናል። ፕላስቲኩ አንድ ሲሆን ታሪኩን የሚለውጠው ይህ ሥዕል ነው። ስለዚህ ተገቢው ስም «መለያ» ነው፤ አለጣጠፉን መግለጽ ሲያስፈልግ «የውሃ መለያ» ሊባል ይችላል።

መ. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ በተነገረው መሠረት የሚከተለውን ፍቺ እናቀርባለን፦

ተገጣጣሚ አምሳያ አውሮፕላን (ስም)፦ በእውን የነበረን ወይም ያለን አንድ የታወቀ አውሮፕላን፣ በተወሰነ መስፈርት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አሳንሶ እንዲያሳይ ከክፍሎች የሚገጣጠም ሥራ።

በዚህ ፍቺ ውስጥ ሁለት ቃላት ምሰሶ ናቸው፤ «የታወቀ» እና «መስፈርት»። ከሁለቱ አንዱ ቢወጣ ፍቺው ተመልሶ አሻንጉሊት ላይ ይወድቃል። ልጅ አምሳያውን ይዞ ቢጫወትበት ነውር የለውም፤ መዝገበ ቃላት ግን ዕቃውን መፍታት ያለበት በሚጫወትበት ሰው ሳይሆን በሚመስለው ነገር ነው።