ግርግሙን ያደበዘዘው ፍርድ

በአሜሪካ አደባባዮች ስለሚቆሙ የሃይማኖት በዓል ትዕይንቶች የሚጻፈው ሂስ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንደኛው እምነት ከአደባባይ ተባረረ ይላል፤ ሌላው መንግሥት የአንድ እምነት አገልጋይ ሆነ ይላል። ሁለቱም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ውሳኔዎች የሚመዝኑት ማን ረታ፣ ማን ተረታ እያሉ ነው። እኔ ግን የከፋው ጉዳት የደረሰው በረቺው ላይ ነው ባይ ነኝ። ፍርድ ቤቱ የክርስቶስን ልደት የሚያሳየውን ግርግም በአደባባይ ያቆየው ትርጉሙን አስጥሎ ነው።

በ1984 እ.ኤ.አ. የተወሰነው የሊንችና የዶኔሊ ክርክር የታወቀ ነው። የሮድ አይላንዷ ፖታኬት ከተማ በገበያ ማዕከሏ መናፈሻ ታቆመው የነበረው ትዕይንት የገና አባትን ቤት፣ የበረዶ ጋሪ የሚስቡ አጋዘኖችን፣ የገና ዛፍን፣ የዝሆንና የድብ ምስሎችን ይዞ ነበር። በእነዚህ መካከል ከተማዋ በ1973 በ1,365 ዶላር የገዛችው ግርግም ነበር። ዋና ዳኛ በርገር በአምስት ለአራት ድምፅ ባለፈው ፍርድ፣ ግርግሙ ተነጥሎ ሳይሆን ከበዓሉ ድባብ ጋር መታየት አለበት ብለው ፈቀዱት። ከተሞችም ትምህርቱን ቶሎ ቀሰሙ፤ ቅዱሱን ምስል ማቆም የፈለገ አጋዘን ይጨምርበት።

ይህ ዘዴ ምን ያህል ጥቃቅን ነገር ላይ እንደሚወድቅ የፒትስበርጉ የ1989 ፍርድ በግልጽ ያሳያል። በከተማው በሚገኘው የአሌጌኒ አውራጃ ፍርድ ቤት ዋና ደረጃ ላይ የቆመው ግርግም የአንድ የካቶሊክ ማኅበር ስጦታ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ነበረበት። ከላይ መልአኩ ለእግዚአብሔር ክብር የሚሰጥ የላቲን ቃል ይዟል፤ ዙሪያውን ቀይና ነጭ አበቦች ከበውታል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች አበቦቹን መረመሩ። ክርክሩ አበቦቹ እንደ አጋዘኖቹ ትኩረት ይበትናሉ ወይስ ምስሉን ያጎሉታል የሚል ነበር። መልሱ ያጎሉታል ሆነ፤ ግርግሙ ተከለከለ። በዚያው ፍርድ፣ በከተማው አስተዳደር ሕንፃ ደጅ ባለ 45 ጫማ የገና ዛፍ አጠገብ የቆመው ባለ 18 ጫማ የአይሁድ የሐኑካ በዓል መቅረዝ ተፈቀደ። ከዛፉ ሥር ከንቲባው ለነጻነት ሰላምታ ያቀረቡበት ሰሌዳ ነበር። ዛፉ ረጅም ስለሆነ፣ ሰሌዳውም ስለ ነጻነት ስለሚናገር፣ መቅረዙ የእምነት ምልክትነቱ ለዘበ ተባለ። አንድ አይሁዳዊ ይህን ፍርድ ሲያነብ መቅረዙ የተፈቀደለት በዛፍ ጥላ ሥር ስላነሰ መሆኑን ይረዳል። ይህን መቻቻል ብሎ ማወደስ ስድብን እንደ ምስጋና መቁጠር ነው።

ነገሩን ቀድመው ያዩት ዳኛ ብላክመን ነበሩ። በፖታኬት ጉዳይ የጻፉት የልዩነት ሐሳብ አጭር ነው፤ እኔ ግን በዚህ ዘርፍ ከተጻፈው ሁሉ አስበልጠዋለሁ። ከተማዋ ድል ብታገኝም ግርግሙ ለገበያ የሚጠቅም፣ የራሱ ትርጉም የሌለው ማስጌጫ ሆኖ ቀረ ብለው አዘኑ። ከሳሾቹን ደግፈው የጻፉት ዳኛ፣ ከከተማዋ ጠበቆች ይልቅ ለምስሉ ክብር ቆሙ። ከአምስት ዓመት በኋላ የፒትስበርጉን ፍርድ የጻፉት እኚሁ ዳኛ መሆናቸው ግን ያሳዝናል። ያንን የጠራ ሐሳባቸውን ትተው የአበባና የቁመት መርማሪ ሆኑ።

የተሻለው መንገድ በ1995 በኮለምበስ፣ ኦሃዮ ጉዳይ ተመልክቷል። የነጭ ዘረኞቹ የኩ ክላክስ ክላን ድርጅት በግዛቱ ምክር ቤት አደባባይ መስቀል ላቁም ብሎ ተከልክሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ አደባባዩ ለሁሉም ክፍት እስከሆነ ድረስ በይዘቱ ምክንያት መከልከል አይቻልም አለ። ተናጋሪው የሚጠላ ነው፤ መርሑ ግን ትክክል ነው። በፒትስበርጉ ደረጃ ላይ ባለቤቱን የሚገልጸው ጽሑፍ ግርግሙን ያላዳነው ቦታው ለሌላ ስላልተከፈተ ነው። የባለቤት ስም የሚያስተማምነው በሩ ለጎረቤትም ሲከፈት ብቻ ነው።

ክፍት አደባባይ ዋጋ ያስከፍላል። በሳንታ ሞኒካ ከ1953 ጀምሮ የልደት ትዕይንቶች ይቆሙበት በነበረው መናፈሻ፣ በ2011 በተጣለው ዕጣ ከ21ዱ ቦታ 18ቱ እምነት ለሌላቸው ሰዎች ደረሰ። ጠብ ተነሣ፤ በዓመቱ ከተማዋ ሁሉንም ከለከለች። ብዙዎች ይህን የክፍት አደባባይ ውድቀት አድርገው ይጠቅሱታል። ለእኔ የወደቀው የአስተዳደሩ ትዕግሥት ነው። ቦታን በፍትሕ ማካፈል ከባድ ሥራ ነው፤ መዝጋት ግን ከሥራው መሸሽ ነው።

የዚህን መርሕ ፍሬ በአሜሪካ መናፈሻዎች ደመራ የሚያበሩ ኢትዮጵያውያን ምእመናን ያውቁታል። ፈቃድ አውጥተው ይደምራሉ፤ ካህናቱ ጸልየው፣ መዘምራኑ ወርበው ያበሩታል፤ እሳቱን አጥፍተው፣ ቦታውን አጽድተው ይሄዳሉ። መስቀሉን ለማለዘብ ከጎኑ አሻንጉሊት እንዲያቆሙ አይጠየቁም። በዓሉ የማን እንደሆነ የሚጠራጠር መንገደኛም የለም።

በ2022 ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን ይመዝንበት የነበረውን የድሮ መስፈርት ትቶ ታሪክንና ልማድን መመዘኛ አድርጓል። ብዙዎች አጋዘን ከመቁጠር ተገላገልን ብለው ተደሰቱ። ደስታው የቸኮለ ይመስለኛል። ልማድ የሚያደላው ቀድሞ ለቆመው ነው፤ ትናንት የደረሰው ስደተኛ በዚያ አገር አደባባይ የሚጠቅሰው ታሪክ የለውም። ግርግሙን በእውነት የሚያከብር ሕግ ባለቤቱ ትርጉሙን ሳያለዝብ እንዲያቆመው ይፈቅድለታል፤ ለጎረቤቱም ያንኑ ቦታ አይነሣውም።