የመጠን ጉዳይ፦ ኤፕስታይን-ባር ቫይረስና የቢ-ሴል እድገት

ጤነኛ ሕዋስ ወደ ካንሰርነት ሲለወጥ የሚሆነውን ለማስረዳት መማሪያ መጻሕፍት የማይሰለቹት አንድ ምሳሌ አለ፤ ነዳጅ መስጫው ተጣብቆ የቀረ መኪና። በኤፕስታይን-ባር ቫይረስ የተለወጡ ቢ-ሴሎችን በተመለከተ ግን ምሳሌው ከሚገልጠው የሚሸፍነው ይበልጣል ባይ ነኝ።

የቫይረሱ ታሪክ ከዩጋንዳ ይነሣል። አየርላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ሲሠራ መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናት ይመጡለት ነበር፤ እጢውን እ.ኤ.አ. በ1958 በጽሑፍ አሳወቀ። በ1964 ደግሞ አንቶኒ ኤፕስታይን፣ በርት አቾንግና ኢቮን ባር ከዚሁ እጢ ተወስደው በላቦራቶሪ ባደጉ ሕዋሳት ውስጥ ቫይረሱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማየታቸውን አሳተሙ። ዛሬ ከዓለም አዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቫይረሱን ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመውት ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ምንም ሳይሆኑ።

ከጤነኛ ሰው ደም የተወሰዱ ቢ-ሴሎች በላቦራቶሪ በዚህ ቫይረስ ሲያዙ ያለማቋረጥ መከፋፈል ይጀምራሉ። ከዚህ ለውጥ ጀርባ ካሉት የቫይረሱ ፕሮቲኖች ይበልጥ የተጠናው ኤልኤምፒ-1 ነው። የሕዋሱን ሽፋን ስድስት ጊዜ ሰንጥቆ የሚያልፍ ሲሆን አሠራሩ ሲዲ-40 ከተባለው የቢ-ሴሉ የራሱ ተቀባይ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነታቸው ሲዲ-40 ከረዳት ቲ-ሴል መልእክት እስኪመጣለት የሚጠብቅ መሆኑ ነው፤ ኤልኤምፒ-1 ማንንም አይጠብቅም። እርስ በርሱ ተሰባስቦ በውስጠኛው ጫፉ ትራፍ የተባሉትን ፕሮቲኖች ይይዛል፤ በእነሱም በኩል ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ይነቃል፤ እሱም ወደ ኒውክለስ ገብቶ ሕዋሱን ከሞት የሚጠብቁ ጂኖችን ያሠራል። ተመራማሪዎች ኤንኤፍ-ካፓ-ቢን ሲያግዱት እነዚህ ሕዋሳት ይሞታሉ። ኢቢኤንኤ-2 የተባለው ሌላው የቫይረሱ ፕሮቲን በበኩሉ ኖች የሚባለውን የሕዋሱን የምልክት መንገድ አስመስሎ ሚክ የተባለውን የእድገት ጂን ያነሣሣል።

እስከዚህ ድረስ የመኪናው ምሳሌ የሚያስኬድ ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ሕዋሳቱን በጅምላ ሳይሆን አንድ በአንድ ስናያቸው ነው። ከአንድ እናት ሕዋስ የተገኙ፣ በአንድ ብልቃጥ የሚያድጉ ሕዋሳት የኤልኤምፒ-1 መጠናቸው እጅግ ይራራቃል። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የቢል ሳግደን ቡድን እንዳሳየው ፕሮቲኑ ሲበዛ ሕዋሱን አያፈጥነውም፤ ፐርክ በተባለው ኢንዛይም በኩል የፕሮቲን ምርትን ያዳክማል፣ መከፋፈልንም ይገታል። የሚገርመው ይኸው የፐርክ መንገድ ኤልኤምፒ-1 ራሱ እንዲመረት የሚያግዝ መሆኑ ነው። አጣዳፊውም አጋጁም አንድ ፕሮቲን ሆኖ ሳለ ‹‹የበራ›› እና ‹‹የጠፋ›› ብሎ መክፈል የትም አያደርስም። መጠየቅ ያለበት ስንት አለ፣ መቼ፣ በየትኛው ሕዋስ የሚለው ነው። የብልቃጡን አማካይ ብቻ የሚዘግብ ጥናት ለዚህ መልስ የለውም።

ሌላው ቅሬታዬ በርኪት ሊምፎማን ይመለከታል። ቫይረሱ የተገኘው በዚህ እጢ ውስጥ ስለሆነ ብዙ ማብራሪያ ከበርኪት ተነሥቶ ወዲያው ወደ ኤልኤምፒ-1 ይሻገራል። ነገር ግን የበርኪት ሕዋሳት በአብዛኛው ኤልኤምፒ-1 የላቸውም፤ ከቫይረሱ ድብቅ ፕሮቲኖች በዋናነት የሚያመርቱት ኢቢኤንኤ-1ን ነው። የሚያሳድጋቸው ከክሮሞሶም 8 ተነቅሎ፣ ብዙውን ጊዜ ክሮሞሶም 14 ላይ፣ ከፀረ-አካል ጂኖች አጠገብ ያረፈው ሚክ ነው። ስለዚህ በብልቃጥ ውስጥ የተለወጠ ቢ-ሴል ለበርኪት ሊምፎማ ደካማ ምስክር ነው።

ለሌላ በሽታ ግን ጥሩ ምስክር ነው። የሰውነት ክፍል ተተክሎላቸው መከላከያቸውን የሚያዳክም መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ የሚነሣው የቢ-ሴል እጢ ብዙውን ጊዜ ኤልኤምፒ-1ን ጨምሮ የቫይረሱን ፕሮቲኖች ያመርታል። መድኃኒቱ ሲቀነስ አንዳንዱ እጢ የሚሟሽሸው ቲ-ሴሎች እነዚህን ፕሮቲኖች ስለሚለዩ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፈቀደው ታቤሌክሉሴል የተባለው ሕክምናም በዚሁ መርሕ ይሠራል፤ የለጋሽ ቲ-ሴሎች ቫይረሱን እንዲለዩ የሚሠለጥኑት በላቦራቶሪ በቫይረሱ በተለወጡ ቢ-ሴሎች ነው።